ሙያና ደመወዝ፦ ስለ ዳገንሃም ልብስ ሰፊዎች የተሠራው ፊልም ሲመረመር

ናይጄል ኮል አዘጋጅቶት በ2010 ዓ.ም. የወጣው «ሜድ ኢን ዳገንሃም» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም፣ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «በዳገንሃም የተሠራ» ማለት ነው። ነገሩ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ሴቶች ስለ እኩልነት ያደረጉትን ትግል የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ይህን ጉዳይ ለሚያጠና ተማሪ ሁሉ መታየት የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ተመልካችን የሚያስቅና የሚያስደስት መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ደስታው አንድ ትልቅ ነገር ሸፍኖ ያሳልፋል ብለን እናምናለን፤ ይኸንንም ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሎንዶን በስተ ምሥራቅ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው የፎርድ አውቶሞቢል ፋብሪካ የወንበር ልብስ ይሰፉ የነበሩ 187 ሴቶች በጁን 7 ቀን 1968 ዓ.ም. ሥራቸውን አቁመው ወጡ። ምክንያቱም ኩባንያው የፋብሪካውን ሥራዎች ሁሉ መዝኖ በፊደል ደረጃ ሲያወጣላቸው እነዚህን ሰፊዎች ሙያቸው አነስተኛ ነው ከተባሉት ጋራ በ«ቢ» ደረጃ ስለ መደባቸው ነበር። እነርሱ ግን፣ ስንቀጠር በስፌት መኪና ተፈትነን ያለፍን ነንና የሚገባን «ሲ» ነው ይሉ ነበር። በዚህም ላይ ሴቶች በመሆናቸው፣ በዚያው በ«ቢ» ደረጃ ያለ ወንድ ከሚያገኘው ደመወዝ ከመቶ 85 እጅ ብቻ ይከፈላቸው ነበር። እንግዲህ በደሉ ድርብ ነው፤ አንደኛው የደረጃ፣ ሁለተኛው የክፍያ።

አድማው ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የወንበር ልብስ ሲታጣ መኪናውም ሊያልቅ አልቻለምና የፋብሪካው ሥራ ቆመ። በዚያን ጊዜ የሥራ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ባርባራ ካስል የሴቶቹን ተወካዮች ጠርተው አነጋገሩ፤ ደመወዙ ከመቶ 92 እጅ እንዲሆን ስምምነት ተደርጎ ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የደረጃው ጥያቄ ግን ለአጣሪ ተላልፎ ሳይፈጸም ቀረ።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። በእኛ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል፣ ሴቶቹ ከኩባንያው ሹማምንት ጋራ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡበት ነው። ሪታ ኦግራዲ የተባለችው ዋና ባለታሪክ የተቆራረጡ የወንበር ልብስ ቁራጮችን ከቦርሳዋ አውጥታ ገበታው ላይ ትዘረጋለች፤ እስቲ እናንተ ገጣጥሙት እንደ ማለት ነው። ሹማምንቱም ቁራጮቹን ያያሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም የለም። ስለ ሙያ ብዙ ገጽ ከሚጽፍ ሰው ይልቅ እነዚህ ቁራጮች ነገሩን አስረድተውታል። ሳሊ ሆኪንስ ሪታን ሆና ስትጫወት ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ እጅዋ ግን አይንቀጠቀጥም። ይህ የተዋናይዋ ብልኀት ነው።

ነገር ግን ፊልሙ ያንን የከፈተውን በር ወዲያው ራሱ ይዘጋዋል። ቦብ ሆስኪንስ የሚጫወተው አልበርት የተባለው የማኅበሩ ሰው፣ ክርክሩ የሙያ ደረጃ ጉዳይ አይደለም፣ ሴቶች በመሆናችሁ ብቻ ጥቂት ሊከፍሏችሁ ስለ ቻሉ ነው ብሎ ሪታን ያስረዳታል። ከዚያ በኋላ ስለ ደረጃ የሚናገር ሰው እየጠፋ ይሄዳል፤ «እኩል ደመወዝ» የሚለው ብቻ ይቀራል። አልበርት ቅን ሰው ነው፤ ብቻዋን ሠርታ ያሳደገችው እናቱ የደረሰባትን በደል እያስታወሰ ነው የሚናገረው። ቢሆንም አነጋገሩ ጎደሎ ነው። ደረጃውና ሴትነቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ስፌት ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠው የሴት ሥራ በመሆኑ ነውና።

ይህን በእኛ ቋንቋ ለመረዳት ችግር የለም። «ባለሙያ» የሚለው ቃል ለወንድ ሲነገር አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ መካኒኩን ያሳስባል፤ ሙያውም ዋጋ ያወጣል። ለሴት ሲነገር ግን ወጥ አሠራሯን፣ ጠላ አጠማመቋን፣ ፈትሏን ያመለክታል፤ ይህ ምስጋና ነው እንጂ የሚከፈልበት አይደለም። ሴት ከእናቷ ጓዳ የተማረችው እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል፤ ተፈጥሮ ደግሞ ደመወዝ የለውም። የፎርድ መዛኞች አማርኛ ባያውቁም በዚሁ መንገድ ያሰቡ ይመስላል። ስለዚህ ሴቶቹ «ሲ» ይገባናል ሲሉ የጠየቁት ጥቂት ሳንቲም ብቻ አልነበረም፤ እጃችን የሚያውቀውን ነገር ዕውቀት ብላችሁ ጥሩት ማለታቸው ነበር።

ፊልሙ ስለ ማኅበሩ የሚሰጠው ሥዕልም ሊመረመር ይገባዋል። በአንድ በኩል ደጉ አልበርት፣ በሌላ በኩል ነገሩን የሚያጓትቱና ለራሳቸው ምቾት የሚያስቡ የማኅበር ሹማምንት ይታያሉ። ክፉና ደግ ሰው ለይቶ ማሳየት ለተመልካች ይቀልላል፤ እውነቱ ግን ከዚህ የከበደ ነው። የእንግሊዝ ሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ለሴትና ለወንድ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ክሌመንቲና ብላክ ያቀረበችውን ሐሳብ የተቀበለው በ1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ ዳገንሃም አድማ ድረስ 80 ዓመት ይቆጠራል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የመሩት ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አይቻልም። አንድን ሐሳብ በጉባኤ በጭብጨባ ማጽደቅና ከአሠሪ ጋራ በሚደረግ ድርድር ላይ አንደኛ ጥያቄ አድርጎ ማቅረብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማኅበር የሚደራደረው በብዙኃኑ አባላት ጉልበት ነው፤ በፎርድ የነበሩት ብዙኃን ደግሞ ወንዶች ነበሩ። የሴቶቹ ጥያቄ ለዓመታት በመዝገብ ተኝቶ የኖረው ከዚህ የተነሣ ነው ብለን እንገምታለን። ፊልሙ የሪታን ንግግርና የወንዶቹን ድምፅ አሰጣጥ አሳይቶ፣ በአንድ ጥሩ ንግግር ልብ ሁሉ ተለወጠ ይለናል። ይህ ለሲኒማ ያምራል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም።

ሪታም ብትሆን በእውነት የነበረች ሴት አይደለችም። ሮዝ ቦላንድ፣ አይሊን ፑለን፣ ቬራ ሳይም፣ ግዌን ዴቪስና ሺላ ዳግላስ አድማውን ካካሄዱት መካከል ስማቸው የሚጠራ ናቸው። ፊልም ሠሪ አምስትና ስድስት ሰው አንድ አድርጎ ቢያቀርብ አንነቅፈውም፤ ጥበቡ ይህን ይፈቅዳል። የምንነቅፈው፣ ጀግናዋ ብቻዋን ስትጎላ ማኅበራዊው ሥራ ስለሚደበዝዝ ነው። ከአድማው በኋላ የማኅበር አባላት የሆኑ ሴቶች ለእኩል መብት የሚታገል የጋራ ዘመቻ ኮሚቴ አቋቁመው በሜይ 1969 ዓ.ም. በትራፋልጋር አደባባይ ሰልፍ አድርገዋል፤ ለእኛ ከንግግሩ ይልቅ የሚደንቀን ይህ ነው። የሥራ አስኪያጁ የተማረች ሚስትና የኮኒ ባል ሐዘን የተጨመሩት ለስሜት ሲባል ነውና አንዘገይባቸውም።

ፊልሙ በድል ይፈጸማል፤ የ1970ውንም የእኩል ክፍያ ሕግ ያነሣል። ሕጉ ትልቅ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ምንም እንኳ ለአሠሪዎች መዘጋጃ ተሰጥቶ በሥራ ላይ የዋለው በዲሴምበር 1975 ቢሆን። ነገር ግን ያ ሕግ እኩልነትን የፈቀደው ሥራው ተመሳሳይ ለሆነ፣ ወይም በሥራ ምዘና እኩል ነው ለተባለ ነበር። ፎርድ ደግሞ ራሱ መዝኖ «ቢ» ብሎአል። ሚዛኑ በአሠሪው እጅ ሲሆን ሴቲቱ የ«ቢ» ወንድ የሚያገኘውን ሙሉ ታገኛለች እንጂ «ሲ» አትደርስም። ይህ የቃል ልዩነት ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ሥራ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን እኩል ዋጋ ስላለው ሥራ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የዳገንሃም ሴቶች የወደቁበት ክፍተት ነው። የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ቢመረምሩልን እንወዳለን።

በእንግሊዝ አገር እኩል ዋጋ ያለው ሥራ የሚለው ሐሳብ ወደ ሕጉ የገባው በ1983 በተደረገው ማሻሻያ ነው። የዳገንሃም ልብስ ሰፊዎችም በ1984 መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ ወጡ፤ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው ነገሩ ለግልግል ቀረበና «ሲ» ደረጃ ተፈረደላቸው። ከመጀመሪያው አድማ 16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ከፊተኞቹ ሴቶች ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ አርጅተዋል። ሚኒስትር ጠርታ ሻይ ያላጠጣችበት፣ ጋዜጣም ያን ያህል ያልጮኸለት ይህ ሁለተኛው አድማ በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም።