የ13 ወር ፀሐይ በላስታ ደጋ



በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ፣ አንዳንዴም በየሳሎናችን ተሰቅሎ የምናየው አንድ ዓይነት ሥዕል አለ። ከበስተጀርባ የላስታ ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከፊት ለፊት አንዲት ሴት እንስራ አዝላ አቀበት ትወጣለች፤ ከግርጌው የአገራችን ቱሪዝም ለረጅም ዓመታት የተዋወቀበት መፈክር ሰፍሯል። መፈክሩ ለውጭ ሰው በእንግሊዝኛ «የ13 ወር ፀሐይ» ነበር፤ በአማርኛችን ግን «የ13 ወር ጸጋ» ተባለ። በ2008 ዓ.ም. ሌላ መፈክር ቢተካውም ሥዕሉ አልተለወጠም። እስቲ ልብ በሉት፤ ለእንግዳው ፀሐይ የሆነው ለእኛ ጸጋ ተብሎ ተተረጎመ። ይህንኑ መፈክር ይዛችሁ ላስታ ብትወጡና ለአንድ ገብስ አብቃይ ብታነቡለት ምን የሚላችሁ ይመስላችኋል? በእርሱ አገር ፀሐይ 13 ወር ሙሉ ከወጣች ስሙ ድርቅ ነው።

ሥዕል መተቸት ለምን አስፈለገ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሥዕል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ ነበር። ነገር ግን ሰው ለሌላው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ሸክሙን የሚያዝንለት፣ መንግሥትም ዕቅድ የሚያወጣለት በዓይነ ኅሊናው በያዘው ሥዕል ልክ ነው።

የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእርሷ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ ያለ መንደር ጤፍ አያውቅም፤ የሚዘራው ገብስ ነው፤ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይጨመርበታል። የደጋው ሰው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ የበልግ ዝናብ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የክረምት አዝመራው ከፍ ባለው ቦታ በውርጭና በበረዶ ይመታበታል። በልግ ከቀረ ሰኔና ሐምሌ ጎታው ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም መጀመሪያ በጉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬው። በሬው የተሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢመጣም በምን ያርሳል? በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ በአንድ ቀን አልመጣም፤ በዚህ መንገድ ደረጃ በደረጃ ነው የወረደው።

ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ሴትየዋ እውነትም እንስራ ታዝላለች። የሚከፋው ሸክሟን ውበት አድርጎ ማቅረቡ ነው። እንስራው ከየት እንደተሞላ፣ ስንት ሰዓት እንደተሄደበት፣ ከኋላዋ የምትከተለው ልጅ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን እንደነበረባት አይነግረንም። ደግሞም አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የተከዜ ወንዝ መነሻው ከእነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ወንዙ ገደሉን ሰንጥቆ ወርዶ፣ ሱዳን ገብቶ፣ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይን ይመግባል። በትግራይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠርቶበት በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅምም አለው። ግድቡ መሠራቱ መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የወንዙ ምንጭ ባለበት ደጋ ላይ ያለችው እናት ዛሬም ውሃ በጀርባዋ የምታመላልስ ከሆነ «ከጊዜ ውጭ የቆመች» እያሉ መጻፍ ነውር ነው። ጊዜው አልፏት ሄደ እንጂ እርሷስ አልቆመችም፤ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ብዙውን ጊዜ ጎብኚ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ተሠራ፤ ሆቴሎች ተከተሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለገጠሩ ሰው ቅን ሆኖ ያገኘሁት በ1990ዎቹ በመቄት ተጀምሮ ወደ አቡነ ዮሴፍ አካባቢ የሰፋውን፣ «ተስፋ» የተባለውን የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ነው። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ማረፊያ ጎጆው የመንደሩ ነው፤ የሚያበስሉት፣ በቅሎ የሚጭኑት፣ መንገድ የሚመሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ገቢውም ለእነርሱ ይውላል። ባለቤትነቱን ለገበሬው መስጠቱ ከብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ይለየዋል። ዳሩ ግን የዚህ ገቢ ሥሩ ከሩቅ አገር በሚመጣ ሰው እግር ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፤ እግሩ ቆመ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትገለባበጥ ቆየች፤ ለብዙ ወራትም ያለ መብራት አደረች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በላሊበላ ውስጥ ሳይቀር ተኩስ ተሰማ። ጎብኚ ለሰላም ጊዜ ተጨማሪ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ እንጀራ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የቀረበው መፍትሔ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በምትኩ እህል ወይም ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ከተማ ተቀምጠን «ጥገኛ ሆኑ» ስንል የምንሰማውን ቃል እኔ አልወደውም። በውርጭ ወራት ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው ለማኝ አይባልም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ እርከኑ የማን ነው? ከሥሩ ውሃ ሲሰበሰብ ማን ይጠጣዋል? በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የምግብ ርዳታውን በመላ አገሪቱ ለወራት ባቋረጠ ጊዜ የገበሬው ዕጣ በማያውቀው ከተማ እንደሚወሰን ግልጽ ሆነ።

እስካሁን ሌሎችን ተቸሁ። ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ላስታ ሲባል ብዙዎቻችን «ያ የገዳማት አገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። በላሊበላም ሆነ በዙሪያው ሙስሊሞች አሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ አንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በልግ ሲቀር ለማንም አይለይም። ሰደቃ ሙስሊም ላልሆነ ችግረኛም እንደሚሰጥ ዑለማዎቻችን ያስተማሩን ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ ሲለምን አይተው ከበይተልማል እንዲታሰብለት ማዘዛቸው ተዘግቧል። እኛ ግን የምንልከው ስማችን ወደሚነበብበት ቦታ ነው።

ይህን ስል መስጊድ መሥራትን ላቃልል አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! ምንዳው የታወቀ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ የወሎ መንደር አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መስጊድ ተሠርቶ ውዱእ የሚደረግበት ውሃ ከአንድ ሰዓት መንገድ በአህያ ሲመጣ ይታያል። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከአረብ አገር ነው፤ ከወልድያ፣ ከቆቦ፣ ከሀብሩ የሄዱ እህቶቻችን በሰው ቤት ሠርተው የላኩት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ምን ያህሉ ባዶ እጃቸውን እንደወረዱ ታስታውሳላችሁ። የዚህ ገንዘብ ሐላፊነት ከባድ ነው።

ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) ስለ ሟች እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ቢጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያመለከቷቸው ውሃን ነው፤ እርሳቸውም ጉድጓድ አስቆፈሩ። ዑስማን (ረ.ዐ.) መዲና ውስጥ የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሰው ሁሉ ነጻ አደረጉት። በጉድጓዱ ላይ ሀብታሙም ደሃውም እኩል ቀዳ።

ደጋ ላይ ምንጭ ማጎልበት ጥልቅ ጉድጓድ እንደመቆፈር ወጪው አይበዛም። የምንጩ ዓይን ተቆፍሮ ይገለጣል፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ይታጠራል፤ ከላይ ይከደናል፤ ውሃው በቧንቧ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል። ሞተር የለው፣ ናፍጣ የለው። ከበታቹ ለከብት ገንዳ፣ ራቅ ብሎ ለልብስ ማጠቢያ ይደረግለታል። ድንጋዩና ጉልበቱ ከመንደሩ ነው፤ የሚጎድለው ሲሚንቶው፣ ቧንቧውና የሚያውቅ ግንበኛ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያጸዳዋል፣ ቧንቧው ሲሰበር ማን ያወጣል የሚለው ደግሞ ከግንባታው በፊት መነገር አለበት። ለዚህ ወሎ ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ቅሬ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ቀብር የሚያወጣበት፣ ያልመጣውን የሚቀጣበት ቅሬ ምንጭ መጠበቅ አያቅተውም። ፕሮጀክት ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አዲስ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ማኅተም ያስቀርጻል፤ እርሱ ሲመለስ ኮሚቴው አብሮ ይሄዳል።

በእርግጥ መንደሩ ስትጠይቁት ምንጭ ላይል ይችላል። ወፍጮ ይቅረብልን ሊል ይችላል፤ የበግ መድኃኒት፣ ወይም በልግ ሳያልፍ የሚደርስ የገብስ ዘር። ሹራ ማለት ይኸው ነው፤ መልሱን ሳይወስኑ መጠየቅ። የሚመጣው ረመዳን ላይ ለ«ሩቅ ገጠር» ገንዘብ ሲሰበሰብ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ሰብሳቢውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ መንደሩ ውስጥ ይህን ያለህ ማን ነው? ሴቶቹስ ተጠይቀዋል?