በፊታውራሪ መሸሻ ስቀን አለፍን

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ሁሉም ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ያወራል። እኔ ግን ዛሬ የፊታውራሪ መሸሻን ነገር ላንሣ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የመሬቱ አዋጅ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረው ነበር። ፊታውራሪ በባላገሩ ላይ አዲስ ግብር ሲጥሉ፣ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲል፣ ዘምተውበት ሲማረኩ እናያለን፤ እንሥቃለንም። ደራሲው ጌታውን ከነኩራታቸው ቁልጭ አድርገው ሥለዋል፤ አብሯቸው የዘመተውን ሰው ልብ ግን ያን ያህል አላሳዩንም።

ይህ ጉድለት የሚታወቀው ከኋላ የመጣውን ስናስብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በደቡብ ጭሰኛው እልል አለ። በሰሜን ግን ርስት የድኻውም ነበርና ብዙ ባላገር አዋጁን በጥርጣሬ አየው። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የመሩት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ኢዲዩ፣ በ1969 ዓ.ም. መተማንና ሑመራን ሲይዝ የተሰለፉለት መሳፍንትና መኳንንት ብቻ አልነበሩም፤ ርስቴ ሊነካ ነው ያለ ገበሬም ነበረበት። ኢዲዩ በዚያው ዓመት ተሸነፈ፤ የገበሬው ሥጋት ግን አብሮ አልጠፋም።

እዚህ ዳበል የባለርስትም የጭሰኛም የልጅ ልጅ በአንድ የውኃ ሰልፍ ይቆማል። ያ አዋጅ በተነሣ ቁጥር ግን አንዱ ሌላውን «ፊታውራሪ» እያለ ይሥቅበታል። ከመሣቃችን በፊት ሰውዬው ምን እንዳያጣ እንደ ፈራ ብንጠይቀው ምናለበት? መጽሐፉን እንደገና ስታነቡ እስቲ ከጌታው ኋላ የሚሄደውን ሰው ፈልጉት።