ክሩዘሩ የየትኛው ቀን ነው?

ያረጀ የጦር መርከብ ሞዴል ለጥገና ሲመጣልኝ፣ ሙጫም ብሩሽም ከማንሳቴ በፊት የምወስነው ነገር አለ፤ ይህ መርከብ የየትኛው ቀን መርከብ ነው? የጦር መርከብ አንድ መልክ የለውም። ከወደብ ወደብ ቀለሙ ይለወጣል፣ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይጨመርበታል፣ ሲመታ ተቆርጦ ሌላ ይቀጠልለታል። በዚህ በኩል የጀርመኑን ከባድ ክሩዘር ፕሪንዝ ኦይገንን ያህል ሠሪን የሚያስቸግር ጥቂት ነው።

ሰሞኑን ጠረጴዛዬን የያዘው የእሱ ሞዴል ነው። እውነተኛው መርከብ 212.5 ሜትር ስለነበር፣ በ1 ለ 400 ስኬል 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመደርደሪያ ወድቆ የኋላ ጫፉ ተሰባብሯል፣ ዋናው ምሰሶ ተቀንጥሷል፣ ከስምንቱ ዋና መድፎች ሦስቱ አፈሙዝ የላቸውም። የሠሩት የባለቤቱ አባት ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ባለቤቱ "እንደ አዲስ አድርግልኝ" አሉኝ። "እንደ አዲስማ አላደርገውም፤ እንደ ነበረ ልሞክር" አልኳቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም።

እውነተኛው መርከብ በ1938 በጀርመኗ ኪል ከተማ ውኃ የነካ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መጀመሪያ በኦስትሪያዊው አድሚራል በቴገትሆፍ ስም ሊጠራ ታስቦ ነበር፤ አድሚራሉ በ1866 ሊሳ ላይ ጣሊያኖችን ድል ስለመታ ሮማን ላለማስቀየም ተተወ። በምትኩ የሳቮይው ልዑል ኦይገን ስም ተሰጠው። ሳቮይ ለእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም፤ በ1936 ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያስባለው ቪክቶር አማኑኤል ሣልሳዊ የዚሁ ቤት ሰው ነበር።

ወደ ሥራው ልመለስ። የመርከብ ሞዴል የሚታወቀው በጥቃቅኑ ዕቃ ሳይሆን ከሩቅ ሲታይ ባለው ቅርፅ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1941 በዴንማርክ ሰርጥ የእንግሊዙ የጦር መርከብ ሁድ ተኩስ የከፈተው በፕሪንዝ ኦይገን ላይ ነበር፤ ከፊት የሚመራው እሱ ስለነበርና ቅርፁ አብሮት ከነበረው ትልቁ የጀርመን የጦር መርከብ ከቢስማርክ ጋር ስለሚመሳሰል ተሳሳቱ። የቢስማርክ ርዝመት ግን 251 ሜትር ነው። ባሕረኞችን ያሳሳተው የማማው፣ የጭስ ማውጫውና የምሰሶው አቀማመጥ ነው፤ ስለዚህ ምሰሶውን ስተክል ከአጠገቡ ሳይሆን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ቆሜ ነው የማየው። በዚህ ስኬል አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥቂት ያዘመመ ምሰሶ ሌላውን ልፋት ሁሉ ያበላሻል።

ቀኑን የነገረኝ የአባትየው ቀለም ነው። በጎኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመሮችን ቀብተዋል፤ የባልቲክ መደበቂያ ቀለም ነው። ያን ቀለም ጀርመኖች ግንቦት 21 ቀን 1941 ኖርዌይ ውስጥ በግራጫ ሸፈኑት። እንግዲህ ይህ ሞዴል ከዚያች ቀን ወዲህ ሊሆን አይችልም። አንድ የሙያ ባልደረባዬ የተሰበረውን ጀርባ አይቶ "ለምን እንዲሁ አትተወውም? የሎፍዮርዱ ይሆንልሃል" አለኝ። ቀልዱ መሠረት አለው። በየካቲት 1942 ትራይደንት የተባለ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ የፕሪንዝ ኦይገንን የኋላ ጫፍ በቶርፔዶ መታው፤ ትሮንድሃይም አጠገብ ሎፍዮርድ ውስጥ የተጎዳውን ቆርጠው በብረት ሉህ ደፈኑት፣ በሰው ጉልበት የሚዞሩ ሁለት ጊዜያዊ መሪዎች ገጠሙለት፣ በግንቦት በገዛ ሞተሩ ኪል ገባ። በ1944 ደግሞ ላይፕዚግ የተባለውን ክሩዘር ወገቡ ላይ ወግቶ ሁለቱ ለ14 ሰዓት ተጣብቀው ቆዩ፤ አፍንጫውም ተጠገነ። ያን አስቀያሚ ጀርባ አንድ ቀን ብሠራው ደስ ይለኛል። በባልቲክ ቀለም ላይ ግን ውሸት ነው።

ስለዚህ ጀርባውን ሙሉ አደረግሁት። ደግነቱ አባትየው አንዳንዱን መጋጠሚያ በሱፐር ግሉ ነበር ያያያዙት። የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን አካል አቅልጦ አንድ ያደርጋል፤ ሱፐር ግሉ ግን መሃል ገብቶ ይደርቃል፣ ሲያረጅም ይሰባበራል። እዚያ ላይ የተለያየው ንጹህ ሆኖ ነው የተለያየው። የጠፋውን በስስ የፕላስቲክ ሉህ ደራርቤ ሞላሁ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ከዋናው አካል ጋር ሰፋሁት፣ ስቱኮ ቀብቼ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። አሮጌው ነጭ ወደ ቢጫ ስላደላ በአዲሱ ነጭ ላይ ጠብታ ኦከር ጨመርሁ፤ ይህን በመስኮት ብርሃን እንጂ በመብራት አላደርግም። አቧራውን በተጣራ ውኃና በጥጥ አነሳሁት። አልኮል የሚጠቀሙ አሉ፤ አክሪሊክ ቀለምን አብሮ ይልጣል።

ከዚያ አጥሩ መጣ። አባትየው የወለሉን አጥር በልብስ ስፌት ክር ሠርተውታል፤ ክሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህላል፣ በስኬሉ ሲሰላ 8 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቧንቧ ነው። ዛሬ ከናስ በኬሚካል ተበልቶ የሚወጣ ፀጉር መሳይ አጥር በገበያ አለ፤ ባለቤቱም ያን ፈልገው ነበር። እኔ እምቢ አልሁ። በወረንጦ ተይዞ አንድ በአንድ የተቋጠረ ክር ነው፤ የተበጠሰውን ብቻ በተመሳሳይ ክር ቀጠልሁ።

የከበደኝ ወለሉ ነው። በዚያ ወቅት ወገን አውሮፕላን እንዲለያቸው የጀርመን መርከቦች በወለላቸው በፊትም በኋላም ትልቅ ስዋስቲካ ይቀቡ ነበር። አባትየው ቀዩን መደብ ቀብተዋል፣ ነጩን ክብ ቀብተዋል፤ ክቡ ባዶ ነው። የጀርመን ሕግ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየትን ስለሚገድብ ብዙ የሞዴል ሳጥኖች ይተዉታል ወይም ቆራርጠው ያስገቡታል፤ ከዚያ ይሁን ከራሳቸው ፈቃድ አይታይም። በራሴ ሞዴል ላይ ብሆን እቀባዋለሁ፤ ያን መርከብ የማን እንደነበር ሳልናገር ማሳመር አልወድም። እዚህ ግን የተሰበረው ጀርባ ላይ የነበረውን ክብ እንደገና ስቀባ መሃሉን ባዶ ተውሁት። ለባለቤቱም የቀየርሁትን ሁሉ፣ ይህንንም ጨምሬ፣ በወረቀት ጽፌ ከመቀመጫው ሥር ለጥፌላቸዋለሁ። የሬዲዮ ሽቦዎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ እነሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ናቸው፣ ከተወጠሩ በኋላ እጅ አያስገቡምና።