ከሃርዲ በፊት የነበሩት ሰዎች

«ዘ ማን ሁ ኒው ኢንፊኒቲ» በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው። ዴቭ ፓቴል ራማኑጃንን፣ ጄረሚ አይረንስ ደግሞ የካምብሪጁን ሃርዲን ሆነው ይጫወቱበታል። ትወናው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አይረንስ በተለይ ሰው ለመቅረብ የሚፈራውን ምሁር አሳምሮ ነው ያመጣው። ቅሬታዬ ፊልሙ ትቶብን በሚሄደው ተረት ላይ ነው። ዲግሪ የሌለው ድሃ ጸሐፊ ከማድራስ ደብዳቤ ይልካል፣ ሩቅ አገር ያለ አንድ ትልቅ ሰው ያነበዋል፣ በቃ፣ ዓለም ያውቀዋል። እኛ አገር ብቻቸውን ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች፣ ፊልሙን ያላዩት ጭምር፣ ይሄን ተረት በልባቸው ይዘው ነው የሚኖሩት።

ደብዳቤው እውነት ነው። በጥር 1913 እ.ኤ.አ. ተጻፈ፣ ሃርዲም አነበበው። ግን ራማኑጃን ያን ጊዜ ማንም የማያውቀው ሰው አልነበረም። የህንድ የሒሳብ ማኅበር ከተመሠረተ (1907) ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ መሥራቹ ራማስዋሚ አይየር የመንግሥት ሹም ሆኖ ሒሳብ የሚወድ ሰው ነበር። የራማኑጃንን ደብተር አይቶ ወደሚያውቃቸው ሰዎች መራው። በእነሱ በኩል ያገኘው ራማቻንድራ ራኦ በየወሩ ከኪሱ ገንዘብ ይሰጠው ጀመር። በ1912 የማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ደግሞ አለቃው ናራያና አይየር ራሱ ሒሳብ የሚሠራ፣ የዚያው ማኅበር አባል ሆኖ ተገኘ።

ማኅበሩ መጽሔት ነበረው፣ መጽሔቱ ደግሞ የጥያቄ ገጽ። ራማኑጃን በ1911 እዚያ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ አወጣ። የ1 ሲደመር 2 ጊዜ፣ የ1 ሲደመር 3 ጊዜ፣ የ1 ሲደመር 4 ጊዜ… እያለ ሥር ውስጥ ሥር እየገባ ያለማቋረጥ ቢሄድ ስንት ይሆናል? ወራት አለፉ፣ መልስ የላከ አልነበረም። መልሱ 3 ነው። 3 የ9 ሥር ነው፤ 9 ማለት 1 ሲደመር 2 ጊዜ 4። 4 የ16 ሥር ነው፤ 16 ማለት 1 ሲደመር 3 ጊዜ 5። 5 የ25 ሥር ነው፤ 25 ማለት 1 ሲደመር 4 ጊዜ 6። ስልካችሁ ላይ ሞክሩት። (ይሄ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ማለቂያ ሲያጣ በእርግጥ ወደ 3 እንደሚጠጋ ማሳየት ይቀራል። ሃርዲ የሚነዘንዘው እንዲህ ባለው ነገር ነበር።)

ፊልሙ ናራያና አይየርን አይደብቀውም፣ ግን ቶሎ ያልፈዋል። የማሳተም ጉጉቱን ሁሉ ካምብሪጅ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሰውየው አገሩ ላይ ቀድሞ ማሳተሙ ታሪኩን ያበላሽበታላ።

እዚህ መቐለ የማውቀው አንድ መምህር አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ኢንተርኔት ጠፍቶ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ደብተሮች ሞልቷል። ሥራው ፕራይም ቁጥሮችን፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን፣ የሚያወጣ ቀመር ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደብተሩን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። አንዱ «ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጣ» አለው፣ ሌላው «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ ሸኘው። ያነበበ የለም። «ጎበዝ» ከስድብ የሚብስበት ጊዜ አለ።

አንድ ምሽት ቁጭ ብለን በጥቂት መስመር ኮድ ፈተንነው። ቀመሩ ረጅም መንገድ ሄዶ ወደቀ። ኦይለር ያገኘው ዝነኛ ቀመርም እንዲሁ ነው። አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተህ፣ ራሱን ደምረህ፣ 41 ስትጨምር ከ0 እስከ 39 ሁሌም ፕራይም ይወጣል፤ 40 ላይ 1681 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ 41 ጊዜ 41 ነው። መምህሩ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ «ታዲያ እስከዚህ ድረስ ለምን ሠራ?» አለ። ይሄ ጥያቄ እኮ ከቀመሩ ይበልጣል፤ በኦይለር ቀመር ላይ ሲጠየቅ ወደ ጥልቅ ሒሳብ ነው የወሰደው። ራማኑጃንም ለሃርዲ ከላከው ውስጥ ስለ ፕራይም ቁጥሮች ብዛት ያለው ስህተት ነበር። ስህተቱን ያየለት ሰው ነበረው፣ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የማኅተሙን ነገር ሕጉ ራሱ ይመልሰዋል። የፓተንት አዋጁ (ቁጥር 123/1987) የሒሳብ ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጓል፤ የቅጂ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) ለቀመር ጥበቃ አይሰጥም፣ የሚጠብቀው የተጻፈበትን መንገድ ነው። ስለዚህ የምዝገባ ወረቀት ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል፣ ቀመሩ ልክ ነው ማለት ግን አይደለም። ጋዜጠኛ ጠርቶ «የዓለም ሊቃውንት ያቃታቸውን ፈታሁ» ማለትም ያው ነው። እንዲያውም የሚያነብለትን ሰው ያሸሽበታል።

የቅኔ ቤት ይሄን ከኛ በፊት ያውቅ ነበር። ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል (ቃሉ ራሱ «መቁጠር» መሆኑን ልብ በሉ)፣ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማል። ቆጥሮ ሳይነግር የቀረ ተማሪ ቅኔ አወቀ አይባልም። መምህሩም ሳይሰማ «በርታ» ብሎ አይሸኝም።

ከኮሌጅ ውጭ ሆነው የተሳካላቸውን ብናይ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የሳንዲያጎዋ የቤት እመቤት ማርጆሪ ራይስ በ1975 ማርቲን ጋርድነር ስለ ባለ አምስት ጎን ንጣፎች የጻፈውን አንብባ የራሷን ምልክት ፈጥራ አዳዲስ ዓይነቶች አገኘች። ለጋርድነር ጻፈች፤ እሱ ወደ ዶሪስ ሻትሽናይደር አሳለፈው፣ ሻትሽናይደርም ያን ለሌላ ሰው እንግዳ የሆነ ምልክት ተቀምጣ ፈታችው። በ2022 መጨረሻ እንግሊዛዊው ጡረተኛ ዴቪድ ስሚዝ ወለልን ያለ ክፍተት የሚሸፍን፣ ግን ድግግሞሽ የሌለው አንድ ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ ሲጫወት ጠረጠረ። «ፈታሁ» አላለም፤ ክሬግ ካፕላን ለተባለ ተመራማሪ «ይሄ ነገር እንግዳ ሆነብኝ» ብሎ ላከ። በመጋቢት 2023 ጽሑፉ በአራት ሰዎች ስም ወጣ፣ የስሚዝ ስም መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለቱም የላኩት ሌላው ሰው በአንድ ምሽት ሊፈትነው የሚችለውን ትንሽ ነገር ነው። ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ማንም አያነብም፤ እኔም አላነብም።

ግን ሸክሙን ሁሉ ባለ ደብተሩ ላይ መጣል ደስ አይለኝም። አርካይቭ የሚባለው የጥናት ማስቀመጫ እንኳ ለአዲስ ሰው የሚመሰክርለት ነባር አባል ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ሰው ከየት ያመጣዋል? መቐለ ዩኒቨርሲቲ «ሞሞና» የሚባል የሳይንስ መጽሔት ያወጣል። የጥናት መጽሔት ነው፣ የጥናት መጽሔት ሊሠራ የሚገባውን ይሠራል። እኔ የምለው ከሱ በጣም ያነሰ ነገር ነው፦ አንድ የጥያቄ ገጽ፣ በአማርኛም በትግርኛም፣ ዲግሪ የማይጠይቅ፣ የተላከውን አንብበው «እዚህ መስመር ላይ ይወድቃል» የሚሉ ሦስት አራት የሒሳብ ተማሪዎች ያሉበት። እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ይሄን በየቀኑ ለማናውቀው ሰው እናደርጋለን፤ የማያውቀንም ሰው ያደርግልናል። መምህሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ አዘጋጅቷል። ግማሽ ገጽ ነው፣ ቀመሩ የት ላይ እንደሚወድቅ ከላይ ጽፎበታል።