ከድራማው ወደ ጌሙ የሚወስደው መንገድ፦ «ፎልአውት»፣ የአራዳ ጌም ቤቶችና የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ

«ፎልአውት» የተባለው የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ሲቀርብ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ቤት ብርቅ ነበር። ጌሙ በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ተከታታይ ድራማ ሆኖ የወጣው ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አማዞን በመጀመሪያዎቹ 16 ቀናት 65 ሚሊዮን ሰው እንደተመለከተው አስታውቋል። ለዚህ ዳሰሳ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከድራማው ማግስት በጌሞቹ ላይ የታየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ክፉኛ የተተቸው «ፎልአውት 76» በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አስተናገደ። ዓመታት ያለፋቸው የተከታታዩ ሌሎች ጌሞችም እንደ አዲስ ተፈለጉ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ድራማው ጥሩ ስለሆነ ተመልካቹ ምንጩን ፈለገ የሚል ነው። ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። «ዘ ዊቸር» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 በኔትፍሊክስ ሲቀርብ መነሻው የፖላንዳዊው ደራሲ አንድዜይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት እንጂ ጌሙ አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዘ ዊቸር 3» ስቲም በተባለው የጌም መሸጫና መጫወቻ መድረክ ላይ በአንድ ጊዜ ያስተናገደው የተጫዋች ቁጥር ከወጣበት ሰሞን በለጠ። ተመልካቹ የሚያውቀውን ታሪክ ለመድገም ብቻ ቢመለስ ኖሮ መጽሐፉ ይበቃው ነበር። የፈለገው ያንን ዓለም በራሱ እግር መርገጥ ነው።

የ«ፎልአውት» ድራማ አዘጋጆች ይህን የተረዱ ይመስለኛል። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የጆኤልንና የኤሊን ጉዞ በአብዛኛው ጌሙ እንዳስቀመጠው ተረከ። «ፎልአውት» ግን ታሪኩን እ.ኤ.አ. 2296 ላይ አስቀመጠው፤ እስከዚያ ከወጡት ዋና ዋና ጌሞች ሁሉ በኋላ መሆኑ ነው። ከምድር በታች ከተሠራው መጠለያ የምትወጣው ሉሲ ከድራማው በፊት በወጣ በየትኛውም ጌም ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ ድራማው ተጫዋቹ የሚወስናቸውን ውሳኔዎች ቀድሞ አልነጠቀውም።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንመልከት። ድራማው የሚከፈተው በልጆች የልደት ድግስ ላይ ነው። ኩፐር ሃዋርድ የተባለው የፊልም ተዋናይ የካውቦይ ልብሱን ለብሶ ልጆቹን ያዝናናል። ወታደር ሳለ የተማረውን ለሴት ልጁ ያጫውታታል፦ ቦምብ ሲፈነዳ አውራ ጣትህን ዘርግተህ ከጭሱ ጋር ታስተያያለህ፤ ጭሱ ከጣትህ ካነሰ ትሮጣለህ፤ ከበለጠ መሮጡም ዋጋ የለውም። ጥቂት ቆይቶ ሎስ አንጀለስ ላይ እሳት ሲወርድ ልጅቱ ያንኑ ታስታውስና የሚለካው በማን ጣት እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ በአባቷ ነው ወይስ በእሷ?

የጌሙ ምልክት የሆነው ፈገግተኛ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውራ ጣቱን ቀስሮ ይታያል። በ1997ቱ ጌም ግን ይህ የቦምብ ጭስ መለኪያ ትርጉም የለም። ድራማውን አይቶ ወደ አሮጌው ጌም የሚሄድ ሰው ያንን ፈገግታ ከእንግዲህ ሌላ ስሜት ሳይሰማው አያየውም። በሌላ ዘርፍ የተሠራ ቅንብር በቀዳሚው ሥራ ላይ የሚያደርሰው ትልቁ ለውጥም ይኸው ነው። አንድ መስመር ሳይነካ አነባበቡን ይቀይረዋል።

ወደ አራዳ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፒያሳ በሚወስዱት መንገዶችና ቅያሶች ድራማው በፍላሽም በቴሌግራምም ደርሷል። ጌሙ ግን አብሮት አልመጣም። ምክንያቱን የወጣቱ ግዴለሽነት ወይም የኮምፒውተር እጥረት ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ የማየው በጌም ቤቱ የሒሳብ አከፋፈል ውስጥ ነው። ጌም ቤት የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ሒሳቡን ከፍሎ ጆይስቲኩን ለተረኛው ያስረክባል። የእግር ኳስ ጌሞቹ ፊፋ እና ፔስ ለዚህ የተፈጠሩ ያህል ይመቻሉ፤ ግጥሚያው በደቂቃዎች ያልቃል፣ አሸናፊው ይታወቃል፣ ቆሞ የሚጠብቀውም እየጮኸ ይሳተፋል።

የመጀመሪያው «ፎልአውት» በተቃራኒው ተጫዋቹን ከመጠለያ ቁጥር 13 አውጥቶ በተበላሸው የውሃ ማጣሪያ ቺፕ ምትክ ሌላ እንዲፈልግ ይልከዋል። በጌሙ አቆጣጠር 150 ቀን ይሰጠዋል። መንደር ለመንደር ሲዞር ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩም በእንግሊዝኛ ነው። የትናንቱን ሴቭ ዛሬ ከፍቶ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ከኋላው አምስት ተረኛ የቆመበት ልጅ ይህን ሊጫወት አይችልም። በዚህ ላይ የሰፈር ጌም ቤት ከሰፈሩ ጋር የሚፈርስ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ልጆች ተሰብስበው የሚውሉባቸው ጠባብ ክፍሎችም አብረው መሄዳቸውን ለነገሩ ቅርብ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ያሳዝናልም።

ስለዚህ አሮጌ ሥራ በአዲስ ቅንብር የሚነቃው በቅንብሩ ጥራት ብቻ አይደለም። ከቅንብሩ ወደ ሥራው የሚወስድ መንገድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያለ ተመልካች የመጨረሻውን ክፍል አይቶ ሳይነሳ ጌሙን በቅናሽ ይገዛል። ቴዎድሮስ አደባባይ መካከል የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያም ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። አምሳያው ጋፋት ላይ የተሠራውን መድፍ ስም ለአዲስ አበባ ልጅ በየቀኑ ያስታውሰዋል፤ እውነተኛው ግን መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያውን ካዩት መካከል እዚያ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው።

መንገዱ የተሠራበት የራሳችን ምሳሌ አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ በተማረው ዘንድ ወዲያው ተከበረ፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ግን የተዘጋ ነበር። በኋላ የመድረኩ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከው። ባለታሪኮቹ በዛብህና ሰብለወንጌል በየሻይ ቤቱና በየጓዳው ገቡ። መሠረተ ትምህርት ገና ፊደል እያስቆጠረው የነበረ ሰው ሁሉ ጉዱ ካሳን ዐወቀ፤ ከሬዲዮ የሰማውም መጽሐፉን እያፈላለገ ያነበው ጀመር።

ከሂስ አንጻር ትረካው ዋጋ ማስከፈሉን መካድ አይቻልም። ገጹ ላይ ጉዱ ካሳን ዕብድ ነው ወይስ ከሁሉም የነቃ ብሎ የሚወስነው አንባቢው ነው። ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፅ ሲሰጥ ውሳኔውን ለአድማጩ ወሰነለት፤ ዛሬም ብዙ ሰው መጽሐፉን ገልጦ የሚሰማው የወጋየሁን ጉሮሮ ነው። በዚህ መለኪያ የ«ፎልአውት» ድራማ ይበልጥ ለቀቅ ያለ ነው፤ ውሳኔውን ለተጫዋቹ ትቶለታል። ይሁን እንጂ አራዳ ውስጥ አሮጌውን ሥራ የቀሰቀሰው የወጋየሁ ትረካ ነው፤ ያኛው አይደለም። ሬዲዮው ዋጋ አላስከፈለም፣ ፊደል አልጠየቀም፣ ተረኛም አላስጠበቀም። የደራሲውን ቃል ይዞ ሕዝቡ ካለበት ደረሰ። ለቀዳሚው ሥራ ታማኝ መሆንንና ነፃነት መስጠትን እያነጻጸርን የምናካሂደው ክርክር ይህን ከቁጥር ሳያስገባ ከቀጠለ ፍሬ አይኖረውም።

ለጌሙስ እንዲህ ያለ መንገድ ይገኝለታል? የአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች በዘመናቸው አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የውጭውን ፊልም በአማርኛ የሚተርክበትን ልማድ ፈጥረው ነበር። ትርጉም ፊልም የሚባለው ከዚያ ነው የመጣው። አንድ ጌም ቤት በሳምንት አንድ ምሽት ክፍያውን ከግጥሚያ ወደ መግቢያ ቢቀይር፣ አንዱ ጆይስቲኩን ቢይዝ፣ ሌላው ንግግሩን በአማርኛ እየመለሰ ቢተርክ፣ የተቀመጠውም ቺፑ ከማን ላይና በምን ዋጋ ይወሰድ በሚለው ላይ እየተሟገተ ቢወስን የ1997ቱ «ፎልአውት» ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ሊጫወቱት ይቻላል። ሴቩም ለቀጣዩ ሳምንት ይቀመጣል። ይህን የሚሞክር ጌም ቤት ካለ ተመራማሪዎቻችን ደብተራቸውን ይዘው ሊገኙ የሚገባው እዚያ ነው።