የሎውዝ ሰዋስውና የመስተዋድድ ክርክር

የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ ሊጨረስ ይገባዋልን? «ዘ ሀውስ አይ ሊቭ ኢን» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ኢን» በቀይ ቀለም ይሰረዝበታል፤ ለክልከላውም ብዙ ጊዜ በምስክርነት የሚጠራው፣ በኋላ የሎንዶን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ ነው። ስለዚህ ምስክሩ በእርግጥ ምን እንዳለ መመርመር አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው።

ሎውዝ አጭር የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1762 ዓ.ም. ነው። መስተዋድዱን በመጨረሻ ማዋል በንግግርና በተራ ጽሑፍ የተለመደ መሆኑን ያምናል፤ ማስቀደሙ ግን ለከበረ ጽሑፍ ይበልጥ ያምራል ይላል። እንዲያውም ልማዱን በገለጸበት ሐረግ ራሱ መስተዋድዱን በመጨረሻ አውሎታል! እንግዲህ ይህ የውበት ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ፋውለርም በ1926 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ ክልከላውን ከአጉል እምነት ቈጥሮታል።

ይሁን እንጂ ሎውዝ ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም። ሼክስፒርንና ሚልተንን፣ የ1611ንም መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር እየጠቀሰ ስሕተት ያወጣባቸዋል። እነዚህ ሁሉ ከተሳሳቱ፣ እንግሊዝኛን አስተካክሎ የጻፈው ማን ነው? ደንብ ከቋንቋው ባለቤቶች ልማድ ይወጣል እንጂ ልማዱን ከላይ ሆኖ ሊኰንን አይገባም ብለን እናምናለን።

በአማርኛ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚነገሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በጆሯችን ልንፈርድ አንችልም፤ የተሰጠንን ሁሉ እንደ ቃለ ሃይማኖት እንቀበላለን። ቀይ ቀለም የያዘ መምህር ሕጉን ከምርጫው ለይቶ ቢነግረን፣ ክርክሩ ባያልቅ እንኳ ትምህርት ይሆነናል።