ፈረሱና ዶማው

የአንድን አገር መሥራቾች የሚያሳይ ድርሰት ወይም ቅርጽ በሚመዘንበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ሥራው ጀግናውን ይመስላል ወይ?» የሚል ነው። ከዚህ የሚልቅ ሌላ ጥያቄ አለ። ሥራውን ያየ ገበሬ፣ መምህር ወይም ሸማኔ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለጎረቤቱ ምን ለማድረግ ይነሣሣል?

በዚህ ሚዛን የዐፄ ምኒልክን መልክ እንመርምር። በአንጎለላ ተወልደው በአንኮበር የነገሡት ምኒልክ በጣርማ በር ራስጌና ግርጌ ለሚኖረው ሕዝብ የሩቅ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ በብዙኃኑ ሕሊና የተተከለው መልካቸው በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው ሐውልት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ላይ ናቸው። ቅርጹ ለዓድዋ ድል የሚገባ ግርማ አለው። ሆኖም ተመልካቹ ቀና ብሎ እንዲያደንቅ ያደርገዋል እንጂ እጁን ለሌላው እንዲዘረጋ አይቀሰቅሰውም። ፈረስም ዘውድም የሌለው ሰው ከዚህ ምን ይቅዳ?

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የምኒልክ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ መልክ እናገኛለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ ቀንበሩ ያለ በሬ ቀረ፤ ረኃብም ተከተለ። በዚያ ጊዜ ንጉሡ ራሳቸው ዶማና መጥረቢያ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩና ሌሎችም አርአያቸውን እንዲከተሉ እንዳደረጉ ተጽፏል። የዚህ ታሪክ ኃይል ከሙገሳ የመጣ አይደለም። የእጅ ሥራ በሚናቅበት ኅብረተሰብ ውስጥ ንጉሥ ከቆፈረ መቆፈር ነውር መሆኑ ይቀራል፤ ደግሞም ዶማ በማንኛውም ገበሬ ቤት ይገኛል። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የእጅ ባለሙያዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ ያወጡት አዋጅ ከዚሁ መንፈስ ጋር የሚዛመድ ነው።

ነገር ግን ዶማውም ቢሆን የውዳሴ ጌጥ ብቻ ሊሆን አይገባውም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትን «ዳግማዊ ምኒልክ» ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው በአድሏዊነት ነቅፈውታል። ነቀፋው ተገቢ ነበር። በክፉ ቀን የቆፈረውን ንጉሥ የሚያሳይ ደራሲ በባላገሩ ላይ ተመርቶ ይቀለብ የነበረውን ወታደርም ማሳየት አለበት። ጉድለቱ የተደበቀለት መሥራች ከሰው ተራ ወጥቶ መልአክ ይሆናል። መልአክን ደግሞ ሰው ይለማመነዋል እንጂ ሥራውን አይጋራውም።

ጣርማ በርን እንደ ምስክር እንጥራ። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ በር ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋሻ በስቶ የአዲስ አበባንና የደሴን መንገድ አሳልፎበታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ከቀዬው ያፈናቀለው ሕዝብ በዚሁ ዳገት ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ የከተማው ነዋሪ እንጀራውን ተካፍሎታል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለው ብሂል ያን ጊዜ በሥራ ታየ። የእነዚህ ሰዎች ስም በሐውልት ላይ አልተቀረጸም። ታዲያ የኪነ ጥበብ ተግባር በንጉሡ ዶማና በእነዚህ እናቶች መሶብ መካከል ያለውን ዝምድና ማሳየት መሆን የለበትምን?

እንግዲህ ሠዓሊው ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ዶማውንም ይሣል። መምህሩ ስለ ዓድዋ ባስተማረ ማግሥት ተማሪዎቹን በየመንደራቸው በክፉ ቀን ማን ማንን እንደ ረዳ ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርግ። ሕዝብን ለልማት የሚቀሰቅስ ካድሬም ከንግግሩ በፊት እጁ የያዘውን ይመልከት፤ ባላገሩ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነውና።